ከስልክዎ ሥር ስላለችው የልጅ ልጄ

ለተከበሩ፣ ስማቸውንም ከተማቸውንም ለማልጠራቸው የሕፃናት ጉዳይ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠና፣ ወንበርዎ እንደ ልብዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልሁ፣ ከወገዳ በላይ ካለው ደጋ፣ ከሐምሌ ጉም ውስጥ ሆኜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛዎስ ወገባቸው ተሻላቸው? በሩስ ራሱ ደህና ነው? ከእርስዎ ይልቅ ከበሩ ጋር ብዙ ስለተያየን ነው የምጠይቀው።

ስምዎን ያልጠራሁት ስለናቅሁዎት እንዳይመስልዎ። እርስዎ የልጅ ልጄ ያለችበትን ቦታ ምስጢር ነው ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ አይቼ፣ እንዲህ ያለውን ጥበብ ከሊቁ ካልተማሩት ከማን ይማሩታል በማለት፣ እኔም በተራዬ አንድ ምስጢር ልጠብቅ ብዬ ነው። ልዩነቱ፣ እርስዎን የሚፈልግ ሰው ስብሰባ ላይ ካልሆኑ በቀር ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ያገኝዎታል።

ተክሌ ወልደ ሐና እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው፤ ባለቤቴ ሰማንያን አልፈሃል ትለኛለች፤ እርሷ ግን ስትናደድ ቁጥር ትጨምራለች። በልጅነቴ ቤተ ልሔም ሄጄ ድጓ ጀምሬ ነበር፤ ዜማው ቢበዛብኝ ጊዜ ሸሽቼ ወደ ሞፈሬ ተመለስሁ። ይህን የምነግርዎ ለወግ አይደለም፤ ኋላ ይፈለጋልና ከአእምሮዎ ጥግ ያስቀምጡልኝ።

ደብዳቤዬ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ ጉዳዩን ለሚያነበው ሕዝብ በአጭሩ ላስረዳ። ልጄ ፈንታ አማረች የምትባል ሸጋ ልጅ አግብቶ ሀይማኖትን ወለዱ። ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሆናት ተፋቱ። ፈንታ ከእርሻዬ አልነቀልም አለ፤ አማረች መብራት ካለበት ከተማ ካልኖርሁ አለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። እጅ የተነሣበት ቤት ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ አፌን ዘግቼ በተቀመጥሁ። ሽማግሌዎች ንብረቱን አካፈሉ፤ ፍርድ ቤቱም ያንኑ አጽድቆ፣ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር፣ አባቷ በየወሩ ይያት፣ እናቷ መኖሪያ ስትቀይር ለአባት ታሳውቅ ብሎ በወረቀት ሰጠን። አንድ ዓመት እንዲሁ ሆነ። ፈንታ በየወሩ ወገዳ እየወረደ፣ ተከራይተው ከሚኖሩበት ቤት ልጁን እያየ ይመለስ ነበር። በዓመቱ በጥቅምት የባቄላ እሸት ይዞላት ቢሄድ በሩ ላይ ቁልፍ አገኘ። አከራይዋም ጠቅልለው ሄደዋል አለችው። እሸቱን ከቁልፉ ላይ አንጠልጥሎ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ሲያርስ አየዋለሁ፤ ትልሙ መንገድ ዳር በደረሰ ቁጥር በሬዎቹን አቁሞ ቁልቁል ያያል። አሁንማ በሬዎቹም ለምደውት ሳይባሉ ይቆማሉ።

ልጅቷ የት እንዳለች የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እናትዮዋ አዲሱን አድራሻዋን ለአባትዮው ሳይሆን ለእርስዎ አስመዝግባ፣ ለማንም አይነገርብኝ ብላ ሄዳለችና። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ለልጄ ማመልከቻ በስምንተኛው ወር ለሰጡን መልስ እጅግ እናመሰግናለን። "ሕፃኗ በመልካም ሁኔታ ላይ ትገኛለች" የሚል አንድ መስመር ነው፤ ከመስመሩ ሥር ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ደግሞ መስመሩን የሚያክል ማኅተም። ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረችምና አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብሁላት። "የት ነው ይላል?" አለች። አይልም አልኋት። "እንዴት አይልም? ደግመህ እየው እንጂ!" አለች። ደግሜ አየሁ፤ ገልብጬም ጀርባውን አየሁ። እስከ ዛሬም በየሰንበቱ ከሳጥኗ አውጥታ ታስነብበኛለች፤ እኔ ድጓውን ሳልጨርስ የመጣሁ ስለሆንሁ ያቺን አንዲት ቃል ማንበብ አቅቶኝ የምዘላት ይመስላታል። የተከበሩ ኃላፊ፣ በእኛ አገር የሞተ ሰው እንኳ መቃብሩ ይታወቃል፤ ሄደን ድንጋዩን በእጃችን እንነካለን። ደህና ሆኖ ሳለ ቦታ የሌለው ሰው ግን አይተን አናውቅም ነበር። እንዲህ ያለ አዲስ ዓይነት ደህንነት መኖሩን ስላሳወቁን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፤ ይህኛው እንኳ የኔ ሳይሆን የወገዳው ልብስ ሰፊ የጁሃር አቤቱታ ነው። ባለቤቴ ለየዘመን መለወጫው ለሀይማኖት ቀሚስ ታሰፋለች። ጁሃር ልኳን አምጡ ይላል። ልኳ ያለው ከቤታችን ምሰሶ ላይ ነው፤ አራት ዓመት ሲሆናትና አምስት ሲሆናት በቢላ የጫርኋቸው ሁለት ጭረቶች አሉ። ከዚያ በላይ ያለው ምሰሶ ባዶ ነው። እኔ መዳፌን ከጭረቱ በላይ አሳርፌ እዚህ ትደርሳለች እላለሁ፤ ባለቤቴ እጄን ገፋ አድርጋ ወደ ላይ ታወጣዋለች፤ እኔ እመልሰዋለሁ። አምና እንዲህ ስንሟገት ፈንታ ገባና፣ ሁለታችንንም ሳያይ፣ ከእጃችን በላይ አንድ ቦታ በጣቱ ነክቶ ወጣ። በዚያው ለካን። ጁሃር መቀሱን እንደያዘ፣ "አያ ተክሌ፣ ሰው በሜትር ይለካል እንጂ በናፍቆት ይለካል እንዴ?" አለኝና፣ የቀሚሱን ጫፍ አንድ ስንዝር ተኩል ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋው፤ "ግድ የለም፣ ስትመጣ እንፈታዋለን" አለ። እነሆ ጫፋቸው ያልተፈታ ሦስት ቀሚሶች ከግድግዳው ተሰቅለዋል። በሩ ሲከፈት ይወዛወዛሉ፤ ባለቤቴም ቀና ትላለች። ነፋስ ነው እላታለሁ። "አውቃለሁ" ትለኛለች፤ ቀና ማለቷን ግን አልተወችም። ጁሃር በእኔ በኩል የሚለምንዎት፣ ቦታው ምስጢር ከሆነ ቁመቷን ብቻ በማኅተም አድርገው ቢልኩልን ጨርቅ አይባክንም ነበር በማለት ነው።

ሦስተኛ፤ በስተርጅና ሥራ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ዘጠኝ ዓመት የሚሆናትን ልጅ ሁሉ እያስቆምሁ "የማን ልጅ ነሽ?" እያልሁ እጠይቃለሁ። እንደሚያውቁት በአገራችን ሽማግሌ ከልጅ ጋር ሲገናኝ ስሟን አይጠይቅም፤ የማን እንደሆነች ይጠይቃል፤ አባቷ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ይታወቃል ብለን ነው የኖርነው። እኔም አንዷ አንድ ቀን "የፈንታ" ትለኛለች ብዬ ነው። ድሮ እናቶቻቸው "መልሽላቸው እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል?" ይሏቸው ነበር፤ አሁን አሁን ስመጣ ሲያዩ ልጆቻቸውን ወደ ጎናቸው ይሰበስባሉ። አልፈርድባቸውም።

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ለመምህሬ ተዝካር ቤተ ልሔም ሄጄ ስመለስ በንፋስ መውጫ በኩል አለፍሁ። መኪና ስጠብቅ ዝናቡ መጣና ከአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልሁ። የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች፣ የሹራቧን ቆብ እስከ ቅንድቧ የሳበች ልጅ ሮጣ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ከኪሴ ቆሎ ዘግኜ በመዳፏ አደረግሁላት። ሽንብራ ሽንብራውን እየለየች በላችና ገብሱን መልሳ በመዳፌ አደረገችልኝ። ሳቅሁ። እንደ ልማዴም "የማን ልጅ ነሽ?" አልኋት። ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ቆይታ "የአወቀ" አለች። አወቀ የሚባል ሰው አላውቅም፤ እግዜር ያሳድግሽ ብዬ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ። እርሷ ግን ዓይኗን ከኔ አላነሣችም። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ "አባባ፣ እርስዎስ የማን አባት ነዎት?" አለችኝ።

ልጅ ሽማግሌን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ድፍረቷ ደስ አለኝ፤ መቀለድ ደግሞ የተጠናወተኝ አመሌ ነው፤ "እኔማ የማንም አባት አይደለሁ፤ አሁን ከዝናቡ ጋር ወርጄ ነው" አልኋት። አልሳቀችም። ባጃጅ መጣ፤ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተጋፍታ ገባች፤ ሄደች። በመዳፌ የቀረውን ገብስ በላሁት።

አራተኛ፤ በዚያው በሰኔ መጨረሻ ቢሮዎ ስመጣ፣ ከእርስዎ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። የሀይማኖትን መዝገብ ከጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ እኔ እንዳላነበው ፊቱን ወደ ራስዎ አዙረው፣ "አባቴ፣ ምን ላድርግዎ፣ ምስጢር ነው" አሉኝ። ከአእምሮዎ ጥግ ያስቀመጡልኝ ነገር የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ቤተ ልሔም በነበርሁ ጊዜ ለስምንት ተማሪ የነበረን መጽሐፍ አንድ ነው። ዙሪያውን ከብበን እንቀመጣለን፤ ከመጽሐፉ ራስጌ በኩል የሚቀመጠው ፊደሉን ሁሉ የሚያየው ተገልብጦ ነው። እኔ ከሁሉም ታናሽ ስለነበርሁ ቦታዬ ዘወትር ከዚያ ነበር። የተከበሩ ኃላፊ፣ እኔ ቀጥ ብሎ የቆመ ጽሕፈት ማንበብ የለመድሁት ኋላ ነው፤ ለእኔ የተገለበጠው ነው የቀናው።

ስለዚህ አነበብሁ። የሕፃኗ ስም ሀይማኖት፣ ይላል። አብራ የምትኖረው ከእናቷና ከእንጀራ አባቷ ከአቶ አወቀ ጥጋቡ ጋር፣ ይላል። የምትኖርበት ቦታ፣ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስልክዎ ነው። ጡብ የሚያህለው ስልክዎ በቦታው ስም ላይ ተጋድሞ ነበር። ሲጠራም አላነሡትም፤ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም አብሬው ተንቀጠቀጥሁ። አንዲት ፊደል ታህል እንኳ ፈቀቅ አላለም።

ከቢሮዎ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ግድግዳውን ያዝሁ። አወቀ። ዘበኛዎ ደግፈው አስቀምጠው ውኃ ሰጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። አወቀ የሚባል ሰው ብዙ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ እኔም ለራሴ ደጋግሜ ብየዋለሁ። ሽንብራ ለይታ የምትበላ ልጅም ብዙ ናት። ሀይማኖት ግን የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ከጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ሽንብራውን እየለቀመች፣ ገብሱን በመዳፌ እየመለሰች፣ እኔም "አንቺ የሽንብራ ሌባ!" እያልኋት ነው የኖርነው። ያን ቀን በዝናቡ ውስጥ ያቺን ቃል ብያት ቢሆን ኖሮ። ስሟን ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ። እኔ በስድስት ዓመቷ ወገዳ ያየኋትን ልጅ፣ ጥርሷ ወልቆ ከበቀለ በኋላ ላላውቃት እችላለሁ፤ ሽማግሌ ግን በሦስት ዓመት አይለወጥም፤ እርሷ እኔን ሳትጠረጥረኝ አልቀረችም። የማን ልጅ ነሽ ስላት በይ የተባለችውን መለሰችልኝ፤ ከዚያ በገዛ አጠያየቄ ጠየቀችኝ። "የፈንታ አባት ነኝ" ማለት ሦስት ቃል ነው። እኔ ሦስት ቃል አጥቼ ከሰማይ ወረድሁ አልኋት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ገበያ ተመልሼ ከዚያው ቆርቆሮ ሥር ቆሜያለሁ፤ ሁለቱንም ኪሴን ሽንብራ ብቻ ሞልቼ። ትምህርት ቤት ግን ተዘግቷል፤ ያ ልብስ ያላት ልጅ በዚያ አታልፍም። የአንዱ ትምህርት ቤት ዘበኛም "ከሕፃናት ጉዳይ ደብዳቤ ይዘው ካልመጡ እኔ ምን አውቃለሁ?" አለኝ። ልክ ነው። መንገዱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ይመልሰኛል።

አምስተኛውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ቢሮዎ በመጣሁበት በዚያው ቀን የንብረት ክፍፍሉን ወረቀት ከመዝገቡ አውጥተው፣ በሽማግሌዎቹ ውል ላይ ስለ ልጅቷ መኖሪያ አንዳች የተጻፈ የለም፣ ቤተሰቡንም ያኔ ያሳሰበው አይመስልም ብለው አሳዩኝ፤ ይህኛውን ደግነትዎ ሆኖ ወደ እኔ አቅንተው ነው ያሳዩኝ። ጽሕፈቱ የኔ ነው። በልጄ ወገን ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥሁት፣ ፊደል ያውቃል ተብዬ ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ወይኖ በሬ፣ ግራ ቀንዱ ወደ ታች የዞረ፣ ለአማረች፣ ይላል። ጊደር፣ ቀኝ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ለአማረች፣ ይላል። ቦራ በሬ፣ ግንባሩ ነጭ፣ ከሻኛው በስተቀኝ ጠባሳ ያለበት፣ ለፈንታ፣ ይላል። ለያንዳንዱ ከብት፣ ጠፍቶ ቢገኝ የሚታወቅበትን ምልክት በውብ ፊደል ጽፌለታለሁ። ከሁሉም በታች "ልጅቱ ከእናቷ ጋር" ይላል። ስም የለ፤ ምልክት የለ፤ ቦታ የለ።

የባሰውን ደግሞ ወረቀቱ ስለማይነግርዎ እኔ ልንገርዎ። ቦራን ሁለቱም ወገኖች ፈልገውት ነበር። እኔ ብልጥ ነኝና፣ ሸንጎው እስኪስቅ ድረስ እያዋዛሁ፣ "እንግዲያው ልጅቱን ያለ ክርክር ውሰዱ፤ ቦራን ግን አትንኩብን" አልሁ። ተስማሙልኝ፤ ተመራርቀን ተነሣን። ለባለቤቴም እየተኩራራሁ አወራኋት። ቦራ ዛሬም አለ። በረት ስገባ ሌሎቹ ከብቶች ዘወር ይላሉ፤ እርሱ ያን ነጭ ግንባሩን ወደ እኔ አድርጎ ይቆማል። ቦራ ቢጠፋ በሦስት ቀን አገኘዋለሁ፤ አገር ሁሉ ምልክቱን ያውቃል።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ኃላፊ፣ እርስዎን ከመክሰስ ዘመዴ ነዎት ማለት ይቀለኛል። እኔ በአንዲት ቃል ጠቅልዬ ጣልኋት፤ እርስዎ በአንድ ስልክ ሸፈኗት። የኔ ስሕተት ቀለም ሆኖ ደርቋል፤ የእርስዎ ግን ስልክ ነውና ይነሣል።

አማረችን አልከስም። ልጅቷን ከእናቷ ጉያ አውጡልን አላልንም፤ መብራት ካለበት ቤት ወደ ኩራዝ መልሱልንም አላልን። የምንለው በወረቀት የተሰጠንን ነው፤ አባት ልጁ የምታድርበትን ይወቅ፤ በወር አንድ ቀን ይያት። እናቷ የምትሰጋው ነገር ካለ እርስዎ ቢሮ ውስጥ ይሁን፤ ዘበኛዎም መሐል ላይ ይቀመጡ። እኔ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ፤ ከበሩ ጋር እንተዋወቃለን ብያለሁ። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ለአንድ ጥያቄ መልስ መስጠት ብቻ ነው፤ ልጅቷ ከሰኔ ጀምሮ መልስ እየጠበቀች ነውና።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ስብሰባዎ አይጉደል፣ የልጅ ልጆችዎም የት እንዳሉ ይወቁ ብዬ እየመረቅሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የማንም አባት ያልሆነው፣ ከዝናብ ጋር የወረደው፣

ተክሌ ወልደ ሐና
የፈንታ አባት፣ የሀይማኖት አያት

ግልባጭ፤
ለልብስ ሰፊው ለጁሃር
ለቢሮዎ በር
ለቦራ በሬ፣ እንዲያውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፤ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከፊትዎ ካለው ወንበር እቀመጣለሁ። መዝገቡን አሳዩኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ደንብ ነው ብለዋል፤ ደንብ ይከበር። እንደ ልማድዎ ወደ ራስዎ አዙረው ይዘርጉት፤ ስልክዎንም እንደ ልማድዎ ከላዩ ያስተኙት። በሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ልጄ ፈንታ ከወገዳ ይደውልልዎታል። ያን ቀን ከመዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ የተንቀጠቀጠውም እርሱ ነበር። አንድ ጊዜ ያንሡለት። ባያናግሩትም ግድ የለም፤ ሃሎ ብለው እስኪዘጉት ድረስ ብቻ ከጆሮዎ ያቆዩት፤ እኔ ፈጥኜ ነው የማነበው።